የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለችው «ዋ»

«ትእዛዝ ነው ወይስ ስም?»

አቶ ሃይለአብ ይህን ሲጠይቁ ሦስተኛቸው ነው። ገምጋሚዋ ልዩም ለሦስተኛ ጊዜ «እንጃ» አለች።

በመካከላቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ስልሳ ሦስት ገጽ ጽሑፈ ተውኔት ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ ከደራሲዋ ስም በላይ አንድ ቃል ብቻ በደማቁ ተጽፏል፤ «ተነሺ» ይላል።

«አማርኛ ጠፍቶኝ አይደለም የምጠይቅሽ» አሉ አቶ ሃይለአብ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «እናት ልጇን ‹ተነሺ፣ ረፈደ› ካለቻት ትእዛዝ ነው። ማንም ምንም አይለንም። ቤቱ ለልማት ፈርሶ ሌላ ቦታ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ተነሺ ይባላል። ይኼ ስም ነው። ፊደሉ ያው፣ ድምፁ ያው። እሁድ ትኬት ቆርጦ የሚገባው ሰው የትኛውን ሊያይ ነው የሚገባው?»

«ውስጡን አንብቤ ነገርኩዎት እኮ። ስለ ቤት መፍረስ አንድ ቃል የለበትም። አንዲት ሴትዮ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ አልነሣም ትላለች። ልጇ ትመጣለች፣ ጎረቤቷ ይመጣል፣ ሐኪም ይመጣል። ሁሉም ‹ተነሺ› ይሏታል፣ አትነሣም። በቃ።»

«እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ‹በቃ› የምትሉት ነገር ነው።»

ፍርሃታቸውን ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል። አቶ ሃይለአብ በዚህ አዳራሽ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። በጉብዝናቸው ራሳቸው መድረክ ላይ የወጡ፣ ሎሌም ንጉሥም ሆነው የተጫወቱ ሰው ናቸው። አምና ካሳለፏቸው ተውኔቶች በአንዱ ውስጥ ስለ ሽንኩርት ውድነት ትንሽ ቀልድ ነበረች። ተመልካቹ ከሚገባው በላይ ሳቀ። በሳምንቱ ተጠርተው «ወርቁን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» ተባሉ። «ሰሙም ሽንኩርት ነው፣ ወርቁም ሽንኩርት ነው» ብለው ቢምሉ ቢገዘቱ የሚሰማቸው አጡ። ከዚያ ወዲህ የሚያነቡት ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታቸዋል።

«ርዕሱን ቀይሩ ብንላቸውስ?» አሉ። «‹ንቂ› ቢባል?»

ልዩ ቅንድቧን አነሣች።

«ማለቴ ከእንቅልፍ...» ብለው ጀመሩና ራሳቸው ተዉት። «አይ፣ እሱማ ይብሳል። ‹ቁሚ›ስ?»

«ማንን ነው ቁሚ የምትሉት ቢባሉስ?»

«እውነትሽን ነው።»

«እንግዲያው በአክብሮት ‹ይነሡ› ይባላ!»

«ይነሡ?» አቶ ሃይለአብ በሩን ዞር ብለው አዩ። «እነማን ናቸው የሚነሡት? ከየት ነው የሚነሡት? አንቺ ልጅ፣ እንጀራዬን ልትዘጊው ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። እሳቸው ቀድመው ሳቃቸውን አቆሙ።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አሉ። «እስከ አሥር ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት እፈልጋለሁ። ‹የርዕሱ ትርጉም› የሚለው ቦታ ላይ ወይ ትእዛዝ ወይ ስም ብለሽ ጻፊ። ትእዛዝ ከሆነ እሁድ ይከፈታል። ስም ከሆነ አዳራሹን የጠየቀ ሌላ ሰው አለ፤ ለሱ እሰጠዋለሁ። ሂጂ፣ ጠይቂያቸው። ደራሲዋ ራሷ ምን ትላለች?»

ልዩ ጽሑፉን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። አንድ ነገር አልነገረቻቸውም።

ቃሉ ጽሑፉ ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ይገኛል፤ ቆጥራዋለች። አርባው ላይ በእርግጥ ትእዛዝ ነው። አርባ አንደኛው የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በቅንፍ የተጻፈ የመድረክ መመሪያ ውስጥ ነው፦ «ሁሉም ይወጣሉ። ተነሺዋ ከአልጋዋ ወርዳ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች።» ተነሺዋ። ትእዛዝ ደግሞ «ዋ» አይቀጥልም። «ሂጂዋ»፣ «ብይዋ» ብሎ አማርኛ የለም። ደራሲዋ ስልሳ ሁለት ገጽ ሙሉ ተደብቃ ተደብቃ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ በአንዲት ፊደል ተይዛለች። ወይም ራሷን አስይዛለች። ልዩን ከትናንት ማታ ጀምሮ የሚበላት ይኼ ነው። ስህተት ነው? ድፍረት ነው? መዘንጋት ነው? ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ትያትር ስትማር አንድም መምህር ስለ አንዲት «ዋ» እንዲህ አላስጨነቃትም።

ከካዛንቺስ ወደ ኦሎምፒያ በእግሯ ወረደች። ድሮ ፎቶ ኮፒ የምታስነሣበት ቤት የነበረበት ቦታ አሁን የብስክሌት መንገድና ሣር ሆኗል። ሣሩን የሚያጠጣው ሰው ቱቦውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ስልክ ያወራል። መንገዱ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ለመራመድ ይመቻል። የማይመቸው ለመጠየቅ ነው፤ አድራሻ ቢጠፋባት ጎራ ብላ የምትጠይቅበት ሱቅ የለም። ኦሎምፒያ ላይ የላንቻ ሚኒባስ ያዘች።

የትያትር ቡድኑ የሚለማመደው ላንቻ፣ ከአንድ ጎሚስታ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ከታች ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ተዋንያኑም እስኪያባራ ቃለ ተውኔታቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ይጠብቃሉ።

«ገምጋሚዋ መጣች! ሰው ሁሉ ቀጥ በል!» አለ አዘጋጁ ናኦድ፣ በሩ ላይ ስትታይ። ከልዩ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጊቢ ውስጥ ይተዋወቁ ነበር። «አለቀ በይኝ። በናትሽ አለቀ በይኝ።»

«አላለቀም።»

«ሼም ነው ባክሽ! ፖስተሩ ተለጥፏል እኮ። ሰዉ አምስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣ...»

«ናኦድ፣ አስቀምጣት እንጂ፣ ምነው እንደ ደጅ ጠኚ ታቆማታለህ?» አለች ከጥግ በኩል አንዲት ድምፅ።

ወይዘሮ ወለተማርያም ናት፤ ደራሲዋ። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት አማርኛ አስተምራለች፤ ቡድኑ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላት። ጭኗ ላይ ደብተር፣ እጇ ላይ ቀይ ብዕር አለ። ልዩ የግምገማውን ቅጽ ዘርግታ ስትሰጣት፣ ቲቸር ሌላውን ሳታነብ ሁለተኛው መስመር ላይ በቀዩ ብዕር አንድ ፊደል አረመች።

«‹ሥነ ጽሑፍ›ን በዚህ ሰ አይጽፉትም» አለች። «በይ ልጄ፣ ምንድን ነው ጥያቄው?»

«ርዕሱ ትእዛዝ ነው ወይስ ስም?»

«ትእዛዝ ነው!» አለ ናኦድ ቶሎ ብሎ። «ትእዛዝ ነው በቃ። ጻፊው።»

«አንተን አልጠየቀችህም።»

ልዩ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ጣቷን ቅንፉ ላይ አሳረፈች። «እኔም ትእዛዝ ነው ብዬ ነበር፣ እዚህ እስክደርስ። ይቺ ‹ዋ› ምን ትሠራለች?»

ናኦድ ጎንበስ ብሎ አነበበና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አምስት ወር ሙሉ አላያትም። ቲቸር ግን ፊቷ በራ፤ ልክ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ያልታሰበ መልስ ሲመልስላት እንደምትሆነው።

«አነበብሻታ!» አለች።

«አንብቤያታለሁ። ስህተት ናት?»

«ቆይ ልንገርሽ። ካዛንቺስ ሳለን ስብሰባ ጠሩን። ዘግይቼ ደረስኩ። አዳራሹ ሞልቷል፤ እንደምንም ተሹለክልኬ ከኋላ አንድ ወንበር አገኘሁና ቁጭ ከማለቴ፣ መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ‹ተነሺ ወለተማርያም!› አይል መሰለሽ? በማይክ! ገና መቀመጤ እኮ ነው። ልጁ ከልጄ ያንሳል። ብድግ አልኩና ‹አንተ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ሳስነሣ ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማነህና ነው አንቺ የምትለኝ? ይነሡ አይባልም?› አልኩት።»

ከታች ኮምፕሬሰሩ ተነሣ። ቲቸር እጇን እንዳነሣች ቀረች፤ ሲያባራ ካቆመችበት ቀጠለች።

«አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ‹ኧረ ማዘር፣ ትእዛዝ አይደለም፣ መጠሪያዎ ነው› አለኝ። ለካ ቤት የሚፈርስባቸውን ሰዎች ዝርዝር ነው የሚያነበው። ከእኔ በፊት ‹ተነሺ እገሌ፣ ተነሺ እገሊት› እያለ ሲጠራ ኖሯል፤ እኔ አልሰማሁም። እንግዲህ ቆሜያለሁ፤ ቁጭ ልበል? ልቁም? ይኸውልሽ፣ ተነሺ ስባል ተነሣሁ፣ ተነሺ ስለሆንኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ጠዋት ‹እማዬ፣ ተነሺ› ባለችኝ ቁጥር ለየትኛው እንደምመልስ ይጠፋኛል።»

ልዩ ሳቋን ዋጠችው። «ታዲያ ተቃውሞ ነው ማለት ነው?»

«የምን ተቃውሞ? አዲሱ ቤቴ ሽንት ቤት አለው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ካዛንቺስ ለስድስት ቤተሰብ አንድ ነበረን፤ ሠላሳ ዓመት ተራ ጠብቄያለሁ። አልዋሽሽም፣ ቁልፉን ሳገኝ ዘልያለሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ አንዷ አያት ሰፈር፣ አንዷ ገላን፣ አንዷ የት እንደገባች አላውቅም። እሱን ሳስብ ደግሞ አልነሣም እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን የደነቀኝ ቃሉ ነው፤ እንዴት አንድ ቃል ሰውን ይጠራል፣ በዚያው አፉ ያስነሣል?»

«ቲቸር፣ ይኼን ሁሉ ለሷ መንገር ምን ይረባናል?» አለ ናኦድ። «ዋን እንሰርዛት። ‹ሴትዮዋ› እንበል። ቅንፍ ውስጥ ናት፤ ተመልካች አይሰማት፣ አያያት። ማን ነው የሚጎዳው? ‹ዋ!› ራሱ እኮ ማስፈራሪያ ነው፤ ፊደሏ ራሷ አስጠንቅቃናለች።»

ልዩ ለራሷም ሳይታወቃት ራሷን ነቀነቀች። ልጁ የሚለው ልክ ነው። ፊደሏን የሚያያት ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ብቻ ነው፤ የምታነበው ደግሞ እሷ ናት። አንድ ጭረት፣ ከዚያ ትእዛዝ፣ ከዚያ እሁድ።

«ተመልካች አይሰማትም» አለች ቲቸር። «ሉሊ ግን ታነባታለች።»

ሉሊ ባለአልጋዋን የምትጫወተው ናት። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። እስካሁን ሁለት አግዳሚ ወንበር ተገጣጥሞ በተሠራው አልጋ ላይ ተጋድማ ብስኩት እየበላች ነበር።

«ምን ላድርግ?» አለች።

«‹ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች› ቢል እንዴት ትቀመጫለሽ?»

ሉሊ ፍርፋሪውን አራግፋ ወረደች። ወንበሩ ጋ ሄደች፣ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለቀቀች፣ እግሯን ዘረጋች። ሲጠብባት የዋለ ጫማ ያወለቀች ሴት ሆነች። ጥሩ አቀማመጥ ነበር፤ ልዩ ማስታወሻዋ ላይ ምንም የምትጽፈው አላገኘችም።

«ተመለሽ። አሁን ‹ተነሺዋ›።»

ሉሊ ተመልሳ ተጋደመች። እንደገና ወረደች። በዚህኛው ጊዜ ወንበሩ አጠገብ ስትደርስ በእጇ ገፋ አድርጋ አየችው፤ የማን ነው እንደማለት። ከዚያ ጠርዙ ላይ ብቻ ተቀመጠች። ቦርሳ የለም፤ እሷ ግን ጭኗ ላይ ቦርሳ እንዳለ ሁሉ ሁለት እጇን አጣምራ ያዘችው። ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች። ስሟ እስኪጠራ የምትጠብቅ ሴት ናት። ቆየች። በጣም ቆየች። ማንም አልጠራትም። ያኔ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት፣ ወደ ኋላ ተንፏቀቀችና ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አሳረፈች፤ ለዚያውም አንድ ትከሻዋን ብቻ።

ልዩ በእንባ የምትረታ ሰው አይደለችም። ትያትር ላይ የሚያለቅሱ ሰዎች ያበሳጩዋታል። አሁን ግን ማስታወሻዋን ከደነች።

«ይኼን ማን ነገረሽ?» አለቻት ሉሊን።

«ማንም። ቃሉ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ስሟን የረሳሁ መስሎኝ ወደ ኋላ ገጹን ሁሉ ፈለግኩ። ስም የላትም። እንግዲህ ይኼ ከሆነ ስሟ፣ ማለቴ... በቃ እንደዚህ ነው የምትቀመጠው አልኩ።»

ናኦድ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው። «እኔ ይኼን የሷ ፈጠራ ነው ብዬ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልጠየቅኳትም።»

ቲቸር ቀዩን ብዕር በጫፉ ይዛ ለልዩ ዘረጋችላት።

«እኔ አልሰርዛትም፤ አልዋሽምም። ለአለቆችሽ ‹ስም አይደለም› ብዬ አልፈርምም። ግን የእነዚህ ልጆች ድካም ገደል ይግባ አልልሽም። አንቺ ሰርዢያት ካልሽኝ አልቀየምሽም። እንኪ።»

ልዩ ብዕሩን አየችው። ሰዓቷንም አየች፤ ስምንት ከሃያ ይላል።

«ብዕር አለኝ» አለች፤ ጽሑፉን ሰብስባ ተነሣች።

ናኦድ ደረጃው ድረስ ተከተላት። «ምን ልትጽፊ ነው?»

«ገና አላሰብኩትም።»

«ልዩ፣ ባትሰርዣት እንኳ አትንገሪያቸው። ሰውየው እዚያ ድረስ አያነብም፣ የታወቀ ነው። ዝም ካልሽ በቃ ያልፋል።»

«እሱን አውቃለሁ» አለች። የሚያበሳጫትም እሱ ነበር። ዝም ማለት ከሁሉ ይቀላል፤ ትእዛዝ ብላ መጻፍ ብቻ ነው። ውሸት እንኳ አይባልም፤ ከአርባ አንዱ አርባው ትእዛዝ ነው። ነገር ግን እሁድ አንድ ዓይኑ የበራ ሰው ከፊት ወንበር ተቀምጦ የሉሊን አቀማመጥ ቢያይ፣ ሰኞ የሚጠሩት አቶ ሃይለአብ ናቸው። «ወርቁን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» ሲሏቸው ዘንድሮ እንኳ ሽንኩርት የለም የሚያሳብቡበት።

ሚኒባሱ ውስጥ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈች። «የርዕሱ ትርጉም» የሚለው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ስለማይበቃ ወደ ጀርባው ገለበጠችው።

«ርዕሱ ትእዛዝም ስምም ነው» ብላ ጀመረች። «ሁለቱ በአንድ ስብሰባ ላይ ተደባለቁ፤ ተውኔቱ የተወለደው ከዚህ ነው። ስም መሆኑ ገጽ 63 ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ አልተደበቀም። ተውኔቱ ማንንም አይሰድብም፣ ማንንም አያሞግስም። አንድ ቃል ሁለት ሥራ ሲሠራ ሰው ለየትኛው እንደሚታዘዝ ይጠይቃል። ርዕሱም ገጽ 63ም ሳይነኩ እሁድ እንዲታይ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

አነበበችው። «አንድ ቃል ሁለት ሥራ ሲሠራ» የሚለው ቅኔ ቅኔ ሸተታትና ልትሰርዘው አሰበች፤ ሌላ አነጋገር ግን አላገኘችም። ተወችው።

በቢሮው ልማድ ገምጋሚ የጻፈው ረቂቅ መጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ፣ አቶ ሃይለአብ ዘንድ ይወጣል። እሳቸው በእርሳስ ይነካኩታል፤ «ይታይ» የሚለው «ቢታይ መልካም ነበር፣ ሆኖም» ይሆናል፤ ሦስት ቀን ያድራል። ከዚያ ነው ምድር ቤት መዝገብ ቤት ወርዶ ቁጥር የሚሰጠው። ቁጥር የወጣለት ወረቀት ደግሞ በእርሳስ አይነካም። የማይስማማ አለቃ በገዛ ስሙ፣ በገዛ ፊርማው፣ ሌላ ወረቀት መጻፍ አለበት። አቶ ሃይለአብ በገዛ ስማቸው የጻፉት ወረቀት ከሽንኩርቱ ወዲህ አልታየም። እሁድን የሚከለክልም ሆነ የሚፈቅድ ወረቀት አይጽፉም፤ ስለዚህ ቀድሞ ቁጥር የያዘው ወረቀት ይጸናል።

ልዩ ከሚኒባሱ ወርዳ ቢሮ ስትደርስ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ሊፍቱ ተከፍቶ ይጠብቃል። አልገባችበትም። በምድር ቤቱ ኮሪደር ሄዳ የመዝገብ ቤቱን በር ገፋች።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወርቄ ፊቷ ላይ ትልቁን የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ዘርግታ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። ወረቀቱን ተቀብላ ገለበጠችው፤ የጀርባውን ጽሑፍ አንብባ ጨረሰችና ከንፈሯን መጠጠች።

«አቶ ሃይለአብ አይተውታል?»

«አላዩትም።»

«ያላዩት ነገር እዚህ መጥቶ አያውቅም እኮ፣ የኔ እህት።»

«አይቻልም የሚል መመሪያ አለ?»

ወርቄ አሰበች። ኦቾሎኒውን ገፋ አደረገችው። «የለም» አለች፤ ራሷም የገረማት ይመስላል። «የለም እንጂ። ልማድ ነው። ግን አንቺ የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሻል?»

«ሁለት ወር ይቀረኛል።»

«እና ማን ፈረመ ልበል? ስለ አቶ ሃይለአብ ሆነሽ ነው የፈረምሽው ወይስ...»

«ራሴ ነኝ። ስሜ ከሥር አለ።»

ወርቄ ስሙን አየች። ልጅቷን አየች። ስልኩን አየች፤ ሦስተኛ ፎቅ መደወል ትችላለች፤ ልዩም መደወል እንደምትችል ታውቃለች። አንዳቸውም ስልኩን አላነሡም። ወርቄ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ብዕሯን አነሣችና መዝገቡ ላይ ተራ ቁጥሩን ጻፈች፤ ያንኑ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ደገመችው፤ ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ሁለት ጊዜ ጫን አድርጋ ወረቀቱ ላይ መታችበት።

«ቀኑን ጻፍኩልሽ» አለች።

«ሰዓቱንም ጻፊበት» አለች ልዩ። «ዘጠኝ ከሃምሳ።»